የነሐሴ ነጥብ

ይድረስ ለስፖርት ገጽ አዘጋጅ

ጤና ይስጥልኝ። ጣና ላይ ጀልባ የምነዳ የአርሰናል ደጋፊ ነኝ፣ ከባህር ዳር። ከእሁዱ የማንቼ (የማንችስተር ዩናይትድ) ጨዋታ ወዲህ «ዘንድሮ የፕሪሚየር ሊጉ ዋንጫ የአርሴ ነው» የሚለው ወሬ በዛ። እናንተም ገጻችሁ ላይ ወደዚያው ያጋደላችሁ መሰለኝ። እባካችሁ ተዉን። ደጋፊ ሆኜ ነው የምለምናችሁ።

መጀመሪያ ግን ደስታዬን ልናገር። ማንቼ ሜዳ ኦልድትራፎርድ ሄዶ 1 ለ 0 አሸንፎ መምጣት ቀልድ አይደለም። ነሐሴ 11 ቀን 2017፣ ምሽት 12:30 ነው ጨዋታው የጀመረው። ዝናቡ ከቀትር ጀምሮ አላባራም፤ የዲኤስቲቪ ቤቱን ቆርቆሮ ሲወርድበት የጋዜጠኛው ድምፅ እንኳ አይሰማም። ቤቱ ግጥም ብሏል። ፍልሰታ ስለሆነ ብዙው ሰው ሻይ በዳቦ ይዞ ነው የተቀመጠው። አጠገቤ የጀልባችንን ሞተር የሚጠግኑልን ጋሼ አሉ፤ ዕድሜ ልካቸውን ማንቼ ናቸው። 13ኛው ደቂቃ ላይ ዴክላን ራይስ ኮርና አሻማ፣ በረኛቸው ባይንዲር ኳሷን በቅጡ ሳያወጣት ቀረ፣ ካላፊዮሪ ጎሉ አፍ ላይ ቆሞ በግንባሩ ገጨት አደረጋት። አለቀ። ጋሼ ሻያቸውን ደፍተው ብድግ አሉ።

«ፋውል ነው! በረኛውን አላላውስ ብለውታል!»

«ጋሼ፣ ይቀመጡ እንጂ፣ ቫር በቪዲዮ አይቶታል።»

«ቫር ደግሞ ምን ያያል! እናንተስ ያለ ኮርና ጎል ታውቃላችሁ?»

እዚህ ላይ መልስ አልነበረኝም። ኒኮላ ዦቬር የሚባል የቆመ ኳስ (የኮርናና የቅጣት ምት) አሠልጣኝ አለን፤ እሱ ከመጣ ወዲህ ኮርና ስናገኝ ፔናሊቲ የተሰጠን ያህል ነው ከወንበራችን የምንነሳው። ሰው «የኮርና ቡድን» እያለ ሙድ ይይዝብናል። ይያዝ።

ከጎሉ በኋላ ያለው ግን ስቃይ ነበር። ማንቼ ከ20 በላይ ሙከራ አደረገ። ዶርጉ ቋሚውን መታው። ምቤሞና ኩንሃ፣ ሁለቱም አዲስ ፈራሚ ናቸው፣ ተከላካዮቻችንን ሲያምሱ አመሹ፤ በረኛችን ራያ ባይኖር ዛሬ ይህን ደብዳቤ የሚጽፍላችሁ ጋሼ ነበሩ። ስንጠብቀው የከረምነው አጥቂያችን ዮኬሬሽ ደግሞ ኳስ እንኳ ሳይጠግብ 60 ደቂቃ ላይ ተቀየረ። በዚህ መሀል መብራት ጠፋ። ጀነሬተሩ እስኪነሳ ድረስ ጨለማ ውስጥ ሆነን ዝናብ ስናዳምጥ የቆየንባትን ጊዜ ለጠላቴም አልመኝም። መብራቱ ሲመጣ ሁላችንም መጀመሪያ ያየነው የስክሪኑን ጥግ ነው። 1 ለ 0። እንዳለ ነው።

እንግዲህ ይህን ጨዋታ አይቶ ነው ሰው ዋንጫ የሚሰጠን።

እኔ የነሐሴን ድል አውቀዋለሁ። 2014 ነሐሴን የመሰለ አልነበረም፤ የመጀመሪያዎቹን አምስት ጨዋታዎች በሙሉ አሸነፍን። ጀልባዋ ላይ ባንዲራ ሰቅዬ ነበር፣ ዘጌ ስደርስ ሕፃናቱ «አርሴ! አርሴ!» ይሉኛል። ከዚያ ነሐሴ 29፣ ጳጉሜን እንኳ ሳትገባ፣ እዚያው ኦልድትራፎርድ ላይ 3 ለ 1 ተሸነፍን። ያም ሆኖ ያን ዓመት 248 ቀን መሪ ሆነን ዋንጫውን ማንችስተር ሲቲ ወሰደው። በቀጣዩ ዓመት 89 ነጥብ ይዘን ሁለተኛ። አምና ደግሞ ሊቨርፑል በላውና አሁንም ሁለተኛ። ሳንሸነፍ ዋንጫ ያነሳነው 1996 ነው፤ እኔ ያኔ ገና ተማሪ ነበርኩ፣ አሁን ልጄ ተማሪ ነው። ፈረንጆቹ ሊጉን የሚጀምሩት የእኛ ዓመት ሳያልቅ ነው፤ እኔ ደግሞ መስከረም ሳይጠባ የተሰበሰበን ነጥብ በአሮጌው ዓመት ሒሳብ ነው የምመዘግበው። ጣናም ቢሆን ነሐሴ ላይ ገና እየሞላ ነው።

ታዲያ ምንም ተስፋ አላየህም ካላችሁኝ፣ አይቻለሁ። ድሮ እንዲህ ያለው ጨዋታ 80ኛው ደቂቃ ላይ ጎል ገብቶብን 1 ለ 1 ነበር የሚያልቀው። እሁድ ግን ተከላካዮቻችን ሳሊባና ጋብሪኤል አልደነገጡም፣ የሚወጣውን ኳስ ያወጡታል፣ የማይወጣውን በአካላቸው ይጋርዱታል። አስቀያሚ ነበር። ቆንጆ ተጫውተን የተሸነፍንባቸውን ዓመታት ስለማስታውስ አስቀያሚው ይሻለኛል።

ሌላ ነገር፣ መቼም እጄ ከገባ ልጻፈው። ኅዳር 2012 እዚሁ ባህር ዳር ስታዲየም ዋልያዎቹ አይቮሪኮስትን 2 ለ 1 ሲያሸንፉ ገብቼ አይቻለሁ። ሱራፌልና ሽመልስ ሲያገቡ የጮኽኩት ጩኸት ለሦስት ቀን ድምፄን ዘግቶታል። ከዚያ በኋላ ግን ብሔራዊ ቡድናችን የሜዳውን ጨዋታ በሰው አገር ለመጫወት ተገደደ። እኛም ቆርቆሮ ሥር ተሰብስበን በማንችስተር ኮርና እንጣላለን። ስለ አርሰናል ዋንጫ ከምትጽፉ ስለ እሱ ብትጽፉ ደስ ይለኛል።

ቅዳሜ ማታ 1:30 ከሊድስ ጋር ነን። ነሐሴ 25 ደግሞ የሊቨርፑል ሜዳ አንፊልድ ይጠብቀናል፣ ከዚያ በኋላ እናወራለን። ጋሼ ውርርዱን ተበልተዋል፤ ጥሬ ሥጋ ነበር የተወራረድነው። «ጾሙ ይፈታ» ብለው ነው ያለፉኝ። ቅዳሜ ፍስክ ነው፣ በሩ ላይ እጠብቃቸዋለሁ።

የጀልባ ነጂው፣ ከባህር ዳር