ከቱሉ ዲምቱ ወደ ኮዬ ፈጬ፦ ስለ ባንኩ ፈተና እንግሊዝኛ

ቱሉ ዲምቱ፣ ኅዳር 2018 ዓ.ም.

ውድ ወንድሜ፣

እንደምን ከርመሃል? ከቱሉ ዲምቱ ኮዬ ፈጬ ባሕር የሚያሻግር ይመስል ሁለት ዓመት ሙሉ ተጠፋፋን። ጥፋቱ የማን እንደሆነ ስንገናኝ ቡና ላይ እንካሰስበታለን። እናትህን ገበያ አግኝቻቸው ነው ለመጻፍ የተነሳሁት። ባንክ አመልክተህ ለጽሑፍ ፈተና እንደተጠራህ፣ ሒሳቡ እንደማያሳስብህ፣ እንግሊዝኛው ግን እንቅልፍ እንደነሳህ ነገሩኝ። የቃላት ዝርዝር ይዘህ ሌሊቱን ስትሸመድድ ታድራለህ አሉ። በስልክ ብነግርህ ግማሹን ስለምትረሳው በጽሑፍ ይሁን ብያለሁ።

መጀመሪያ ያንን ዝርዝር አስቀምጠው። ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱን ሁሉ በእንግሊዝኛ የተማረ ሰው ነጥብ የሚጥለው ቃል ስላነሰው አይደለም፤ በአማርኛ አስቦ በእንግሊዝኛ ስለሚያጠቁር ነው። ፈተና አውጪ ሦስቱን የተሳሳቱ ምርጫዎች ሲያዘጋጅ ተፈታኙ የሚስትበትን ይመርጣል። እኛ ደግሞ የምንስተው አማርኛችን «ልክ ነው» የሚለንን ነው። ስለዚህ አማርኛው የሚጎትትህን ቦታዎች ለይተህ እነሱ ላይ ተቀመጥ።

አንዱን ልንገርህ። በአማርኛ «ትናንት አይቼዋለሁ» ብትል ማንም አያርምህም። ይህንኑ ገልብጠህ «አይ ሃቭ ሲን ሂም የስተርደይ» ስትል ግን ስህተት ነው። እንግሊዝኛው ያለፈና የተዘጋ ጊዜ ከተጠራ «ሃቭ»ን አይቀበልም፤ «አይ ሶው ሂም የስተርደይ» ነው የሚለው። «ላስት ዊክ»፣ «ቱ ይርስ አጎ»፣ «ኢን 2015» ሁሉም እንደዚያው ናቸው። ስለዚህ ክፍት ቦታውን ከማየትህ በፊት የጊዜውን ቃል ፈልግና አስምርበት። «ሲንስ» የመነሻ ጊዜን ይዞ ከመጣ «ሃቭ» ወይም «ሃዝ» ያለበትን ምርጫ ፈልግ። «ፎር» ግን ያታልላል። ድርጊቱ ያለቀ ከሆነ «ሂ ወርክድ ሂር ፎር ቱ ይርስ» ትክክል ነው፤ ዛሬም እዚያው እየሠራ ከሆነ «ሂ ሃዝ ወርክድ» ይሆናል።

ሁለተኛው «ባውቅ ኖሮ እመጣ ነበር» ነው። አማርኛው በአንድ ዓረፍተ ነገር የአሁኑንም ያለፈውንም ይሸፍናል፤ እንግሊዝኛው ግን ሁለት ቦታ ይከፍለዋል። ለአሁኑ «ኢፍ አይ ኒው፣ አይ ዉድ ከም»፤ ላለፈው «ኢፍ አይ ሃድ ኖውን፣ አይ ዉድ ሃቭ ከም»። መፍቻው ክፍት ያልሆነው ግማሽ ነው፤ እዚያ «ዉድ ሃቭ» ካየህ ባዶው «ሃድ»ን ይፈልጋል። «ኢፍ» ባለበት ግማሽ ውስጥ «ዉድ» የሚያስገባውን ምርጫ ግን በሰዋስው ጥያቄ ላይ ወዲያው ሰርዘው።

ሦስተኛው «ምንም እንኳን ቢዘንብም፣ ግን መጣ» ነው። እኛ ሁለቱን አያያዦች ደርበን መናገር እንወዳለን። እንግሊዝኛው አንዱን ብቻ ነው የሚፈልገው፤ «ኦልዞው» ካለ «በት» ይወጣል። «ቢኮዝ» እና «ሶ» እንዲሁ አብረው አይኖሩም።

ደግሞ «እመጣለሁ አለ» አለልህ። እኛ የሰውየውን አፍ እንዳለ እናስቀምጠዋለን። እንግሊዝኛው «ሂ ሴድ ሂ ዉድ ከም» ብሎ ባለቤቱንም ጊዜውንም ይቀይራል። «ዊል» ወደ «ዉድ»፣ «ካን» ወደ «ኩድ»፣ «ቱሞሮው» ወደ «ዘ ኔክስት ዴይ» ይሄዳል። አንዳንዴ ግን አማርኛው ራሱ መንገድ ያሳይሃል። «የት ነው ያለው?» ስንጠይቅና «የት እንዳለ አላውቅም» ስንል ቅርጹን እንለውጥ የለ? እንግሊዝኛውም ይለውጣል፤ «አይ ዶንት ኖው ዌር ሂ ኢዝ»። «ዌር ኢዝ ሂ» የሚለው ምርጫ ለጆሮ ስለሚጥም ብቻ እንዳትመርጠው።

መስተዋድዱ ላይ «ስለ» የምትባለዋን ተጠንቀቃት። «ስለ ጉዳዩ ተወያየን» ስለምንል «ዲስከስ አባውት» እንላለን፤ «ዲስከስ» ግን «አባውት» አይወድም። መድረስ ማለት የሆነው «ሪች» የሚለው ግስም «ቱ» ሳይፈልግ ይቆማል፤ ማግባት የሆነው «ሜሪ» ደግሞ «ዊዝ»ን አያስገባም። ብዙ ቁጥርም እንዲሁ ነው። እኛ «መረጃዎች»፣ «ምክሮች» ስለምንል «ኢንፎርሜሽንስ»፣ «አድቫይስስ» ይመጣብናል። እነዚህ በእንግሊዝኛ አይቆጠሩም፤ «ኢክዊፕመንት»ና «ፈርኒቸር»ም ከእነሱ ጋር ናቸው።

ባለቤትና ግስ ሲራራቁ ያለውን ወጥመድ በእርሳስ ትፈታዋለህ። «ዘ ሊስት ኦፍ ከስተመርስ» የሚል ሲገጥምህ ከ«ኦፍ» እስከ ግሱ ያለውን ሰርዝ። የቀረው «ሊስት» ነጠላ ስለሆነ «ኢዝ» ይከተለዋል። «አሎንግ ዊዝ» እና «አዝ ዌል አዝ» ይዘው የሚመጡትንም እንዳልተጻፉ ቁጠራቸው። «ኢች ኦፍ ዘ ብራንችስ» «ሃዝ» ይፈልጋል። «ናይዘር» እና «ኖር» ሲመጡ ግን ለግሱ ቅርብ የሆነውን ባለቤት ተከተል።

«ኤ» እና «አን» ላይ ጆሮህን እመን፤ ፊደሉን አትይ። «አን አወር»፣ «አን ኤምቢኤ» ይባላል፤ «ዩኒየን» እና «ዩኒቨርሲቲ» ግን በአናባቢ ተጽፈው «ኤ» ነው የሚወስዱት።

ቃላት ማጥናትህ ካልቀረ፣ ሁለት ትርጉም ያላቸውን የባንክ ቃላት አጥና። «ኢንተረስት» ፍላጎትም ወለድም ነው። «አውትስታንዲንግ» የላቀ ማለት ነው፤ ብድር ላይ ሲሆን ገና ያልተከፈለ። «ማቹር» ለሰው በሳል፣ ለተቀማጭ ገንዘብ ጊዜው የደረሰ ይሆናል። «አፕሪሺየት» ማመስገንም ነው፣ ዋጋ መጨመርም። ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ «ዲፕሪሺየት»ን በየጋዜጣው ታየዋለህ፤ ገንዘቡ በገበያ ሲወርድ ነው። «ዲቫልዩ» ግን መንግሥት ራሱ ሲያወርደው ነው፤ ሁለቱ ተመሳሳይ ቃላት ተብለው በምርጫ ከቀረቡ ልዩነቱን ያዝ። አጠራራቸው አንድ የሆነ ሁለት ቃላትም አሉ። መጨረሻው በ«ፒ-ኤ-ኤል» የሚጻፈው «ፕሪንሲፓል» ወለድ የሚታሰብበት ዋናው ብድር ነው፤ በ«ፒ-ኤል-ኢ» የሚያልቀው መርህ ነው። «ሌንድ» እና «ባሮው» ካምታቱህ «አበደረ» እና «ተበደረ» ብለህ ያዛቸው፤ እዚህ አማርኛችን ከእንግሊዝኛው ያላነሰ ጥርት ያለ ነው።

ለልምምድ ከሁሉ የምወደው ነጋሪት ጋዜጣ ነው። አትሳቅ! ገጹ በሁለት ዓምድ ተከፍሎ አማርኛውና እንግሊዝኛው ጎን ለጎን ይታተማሉ። የእንግሊዝኛውን ዓምድ በወረቀት ሸፍን፣ አንድ ንዑስ አንቀጽ ከአማርኛው ወደ እንግሊዝኛ ጻፍ፣ ከዚያ ግለጥና አስተያይ። የባንክ ሥራ አዋጅ ቁጥር 592/2000 በአዲስ ቢተካም ለልምምድ ምንም አይለው። በእንግሊዝኛው ዓምድ 592/2008 ሆኖ ስታገኘው እንዳትደነግጥ፤ የዘመን አቆጣጠሩ ነው። በቀን አራት ወይም አምስት መስመር ይበቃል። አንድ ጉዳት አለው፤ ሕጉ «ሻል» ያበዛል፣ ዓረፍተ ነገሩም ይረዝማል፤ አጻጻፉን እንዳትወርሰው። ለወግ ያለ ንባብ ዘ ኢትዮጵያን ሄራልድንና የብሔራዊ ባንክን የእንግሊዝኛ ዓመታዊ ሪፖርት ውሰድ፤ ከሪፖርቱ ሰንጠረዡን ዝለልና ሐተታውን አንብብ።

ምንባብ ላይ ጥያቄዎቹን አስቀድመህ አንብብ፣ ምርጫዎቹን ግን ተው። ምርጫ ቀድሞ ከገባ አእምሮህ ምንባቡን ወደ እሱ ያጣምመዋል። ኢኮኖሚክስ የተማረ ሰው እዚህ የሚወድቀው የሚያውቀውን ስለሚመልስ ነው። ምንባቡ «ሰም ባንክስ» ብሎ ጥያቄው «ኦል ባንክስ» ካለ፣ አንተ ሁሉም እንደሆኑ ብታውቅ እንኳ ከምንባቡ አይወጣም። «ኦንሊ»፣ «ኦልዌይስ»፣ «ኔቨር» ያለበትን ምርጫ ሁለቴ እይ። የተዘበራረቁ ዓረፍተ ነገሮችን ስታስተካክል ደግሞ በ«ዚስ» ወይም በ«ሃውኤቨር» የሚጀምረው መነሻ ሊሆን አይችልም ማለት ይቻላል። «ኤ ባንክ» ያለው «ዘ ባንክ» ካለው ይቀድማል።

ቴሌግራም ላይ የሚዞሩትን የድሮ ፈተናዎች ለጥያቄው ብቻ ተጠቀምባቸው። መልሳቸው ብዙ ጊዜ ስህተት ነው፤ ምክንያቱን በራስህ አፍ ማስረዳት ካልቻልክ መልሱን አትመን። የስህተት ደብተር ያዝ፣ ሦስት ዓምድ አስምርበት፦ ዓረፍተ ነገሩ፣ አንተ የመረጥከው፣ ወደዚያ የጎተተህ ነገር። በማግስቱ፣ በሦስተኛው ቀን፣ በሳምንቱ ሸፍነህ እንደገና ሥራው። ሦስተኛውን ዓምድ «አላወቅኩም» ብለህ ከሞላኸው ደብተሩ ከንቱ ነው። ለምሳሌ «ዲስከስ አባውት» ብለህ ከሳትክ፣ «በአማርኛ ‹ስለ ጉዳዩ› ስለምንል» ብለህ ጻፍ።

በቀን 75 ደቂቃ ይበቃሃል። 20 ለአንድ የሰዋስው ነጥብ፣ 25 ለንባብ፣ 20 ለነጋሪቱ፣ 10 ለስህተት ደብተሩ። መብራቱ በሚጠፋበት ሰዓት ደብተሩን በሻማ ማንበብ ይቻላል። ታክሲ ሰልፍ ላይ ደግሞ የእንግሊዝኛ ዜና አዳምጥ፤ ለጽሑፍ ፈተናው ብዙም አይጠቅምህም፣ ለቃለ መጠይቁ ግን ጆሮህን ያላላል።

ሰዓት ላይ፣ ለምሳሌ 50 ጥያቄ በ60 ደቂቃ ቢሰጡህ ለአንዱ 72 ሰከንድ ይደርሰዋል። በእኩል እንዳታካፍለው። 35ቱ ሰዋስውና ቃላት ከሆኑ በ40 ሰከንድ ሂሳብ 23 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ይፈጃሉ። ለሁለት ምንባብ 14፣ 14 ደቂቃ ብትሰጥ መመለሻ 8 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ይተርፍሃል። የዘለልከውን ጥያቄ ቁጥር መልስ ወረቀቱ ላይ በስሱ ምልክት አድርግበት፤ አንድ ተዘሎ ሁሉም በአንድ የሚሸሹበት ስህተት ከሰዋስው ሁሉ ይብሳል። ለተሳሳተ መልስ ነጥብ ይቀነስ እንደሆነ መመሪያው ላይ አንብብ፤ ካልተቀነሰ ባዶ የሚቀር መኖር የለበትም።

እኔ ቅዳሜ ቤት ነኝ። 50 ጥያቄ አዘጋጅቼ ሰዓት እይዝልሃለሁ። ስልክህን እናትህ ጋር ትተህ፣ እርሳስ፣ ላጲስና ያንን ባለ ሦስት ዓምድ ደብተር ይዘህ ሦስት ሰዓት ላይ ድረስ። ቡናው ከፈተናው በኋላ ነው።

ያው ጓደኛህ