ለጥያቄሽ የዘገየ መልስ

ውድ ጓደኛዬ፣

እንዴት ነሽ? እኔ ደህና ነኝ፣ ሀፍረቱ ብቻ ነው የያዘኝ። የመጨረሻ ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ዓመት ከምናምን ሆነው። ቅዳሜ በመጣ ቁጥር "ዛሬማ እጽፍላታለሁ" እላለሁ። ከዚያ የሚታረም ወረቀት ይቆለላል። ሰበብ አላበዛብሽም፤ የጠፋሁት እኔ ነኝ።

ጥያቄሽን ግን አልረሳሁትም። "ተማሪዎቼ እያዩኝ ያንቀላፋሉ፤ አንቺ ለክፍል የሚሆን ሐሳብ ከየት ነው የምታመጪው?" ብለሽኝ ነበር። ያኔውኑ መልሼልሽ ቢሆን ኖሮ ሃምሳ ሊንክ ልኬልሽ እገላገል ነበር። ላፕቶፔ ላይ ለዚሁ የተከፈተ ፎልደር አለኝ። ጨዋታ፣ ፖስተር፣ ወርክሺት፣ ቪዲዮ፣ የሌለ ነገር የለም። ግማሹን ከፍቼ እንኳ አላየሁትም። ማታ ማታ ስሰበስብ ሥራ የሠራሁ ይመስለኛል። ጠዋት ክፍል ስገባ ግን ያው ጠመኔ፣ ያው እኔ።

ዓይኔን የገለጠልኝ እሳተ ገሞራው ነው። ታውቂዋለሽ፣ ቤኪንግ ሶዳ ላይ አቼቶ ሲጨመር አረፋው ገንፍሎ የሚወርደው። ክፍሉ በሳቅና በጩኸት ተናጋ። እኔም ደስ ብሎኝ ወጣሁ። ፈተና ላይ አንዱ ተማሪ ምን ብሎ ቢጽፍ ጥሩ ነው? "እሳተ ገሞራ የሚፈነዳው አሲድ ከቤዝ ጋር ሲገናኝ ነው።" እንዴት አድርጌ ኤክስ ላድርግበት? ያሳየሁት እኔው ነኝ፤ አቼቶው አሲድ፣ ሶዳው ቤዝ።

ከዚያ ወዲህ ፍለጋዬን ገለበጥኩት። መጀመሪያ የሚያምር ነገር አልፈልግም። መጀመሪያ ልጆቹ የሚሳሳቱትን ነገር እይዛለሁ። ወረቀት ሳርም ደጋግሞ የሚመጣ ስሕተት ካየሁ ደብተሬ ጀርባ ላይ እጽፈዋለሁ። ስፈልግ የምፈልገው ለዚያ ስሕተት ነው።

አንዱን ልንገርሽ። "ከባድ ድንጋይ በገመድ ሲንጠለጠል ቶሎ ቶሎ ይወዛወዛል" ይላሉ፣ ሁሉም ማለት ይቻላል። አንድ ሜትር ገመድ፣ አንድ ትንሽ ድንጋይና አንድ ትልቅ ድንጋይ ይዤ ገባሁ። ከመጀመራችን በፊት እጅ አስወጥቼ ግምታቸውን ሰሌዳ ላይ ቆጠርኩ። ይህቺን ነገር አትዝለያት። የገመተ ልጅ አይተኛም፣ ማሸነፉን ማየት ይፈልጋል። ከዚያ አሥር ሙሉ ውዝዋዜ በስልክ ሰዓት ለካን። ትንሹ 20 ሴኮንድ ገደማ። ትልቁ ደግሞ ግማሽ ሴኮንድ ያህል ዘግይቶ ቁጭ አለ! "ከባዱ ነው ቀርፋፋው!" ብለው ተንጫጩ። እኔ ላብ በላብ ሆንኩ፣ ልዩነት አይኖርም ብዬ ነበራ የገባሁት። ኋላ ወንበር ላይ ድምፅዋ ተሰምቶ የማያውቅ ልጅ "የትልቁ ድንጋይ መሐሉ እኮ ዝቅ ብሏል" አለች። እውነቷን ነው። ርዝመቱ መለካት ያለበት ገመዱ ከታሰረበት እስከ ድንጋዩ መሐል ነው። አስተካክለን ለካን፣ እኩል መጡ።

ከዚያ ገመዱን ወደ 25 ሳንቲ ሜትር አሳጠርነው። ርዝመቱ ሩብ ስለሆነ ጊዜውም ሩብ፣ ማለትም 5 ሴኮንድ ይሆናል ብለው ገመቱ። የወጣው 10 ነው። ደወል ሲደወል የተነሳ ልጅ አልነበረም። ወጪዬ ገመድ ብቻ!

በማግሥቱ ነው ኮምፒውተር የከፈትኩት። ፌት የሚባለውን፣ የሳይንስ ሙከራ በኮምፒውተር የሚያሳየውን ድረ ገጽ ታውቂው ይሆናል። በ2001 የፊዚክስ ኖቤል ከተሸለሙት አንዱ የሆነው ካርል ዋይማን በ2002 በኮሎራዶ ቦልደር ዩኒቨርሲቲ የጀመረው ነው። ነፃ ነው፣ ብዙዎቹ ማሳያዎች አንዴ ከወረዱ ያለ ኢንተርኔትም ይሠራሉ። ልጆቹ ፔንዱለሙን፣ ያንኑ በገመድ የሚወዛወዘውን፣ ጨረቃ ላይ፣ ጁፒተር ላይ ወስደው ማወዛወዝ ቻሉ። ድንጋዩን በእጃቸው ባይዙት ኖሮ ግን ይህ ሁሉ ተራ ጌም ይሆንባቸው ነበር። ለሒሳብ ጂኦጀብራ አለ፣ እሱም አሪፍ ነው። ኢንተርኔት የሚያስቸግራችሁ ከሆነ ኮሊብሪ ስለሚባለው ፕሮግራም ጠይቂ፤ ትምህርቱን አንድ ኮምፒውተር ላይ ጭነሽ ሌሎቹ ከእሱ ይወስዳሉ።

አንቺ የታሪክ መምህር ነሽና ድንጋዩ አይሠራልሽም። በአንቺ ቦታ ብሆን ጂግሶውን እሞክር ነበር። ኤሊየት አሮንሰን የሚባል የሥነ ልቦና ምሁር በ1971 ኦስቲን፣ ቴክሳስ ውስጥ የጀመረው ዘዴ ነው። ጥቁርና ነጭ ተማሪዎች ገና አንድ ክፍል መቀመጥ በጀመሩበት፣ ጠቡም በበረታበት ሰዓት። ርዕሱን አራት ቦታ ትከፍይዋለሽ። በየቡድኑ እያንዳንዱ ልጅ አንድ ቁራጭ ይደርሰዋል። ተመሳሳይ ቁራጭ የያዙት ተሰብስበው ያጠኑታል፣ ከዚያ ወደ ቡድናቸው ተመልሰው ያስተምራሉ። ጎበዟ ብቻዋን ልትጨርሰው አትችልም፤ የዝምተኛው ቁራጭ ያስፈልጋታል። አንድ ልጅ ከቀረ ግን ቡድኑ ይጎድልበታል፣ ስለዚህ የሁሉንም ቁራጭ ትርፍ ኮፒ ያዢ። ወረቀቱን እንዲያነቡላቸውም አትፍቀጂ፤ አስቀምጠውት በራሳቸው አፍ ያስረዱ።

አሁን ደግሞ ሁሉም ሰው የትምህርት ዕቅዱን ሰው ሠራሽ አስተውሎትን እየጠየቀ ነው። እኔም ጠየቅኩት። ቆንጆ ዕቅድ አወጣልኝ፣ ለአንድ ክፍለ ጊዜ የሦስት ሰዓት ሥራ! መነሻ ይሆናል፣ ሳላርመው ግን አልገባም። ቪዲዮም ቢሆን እስከ መጨረሻው ሳላየው አላሳይም። ለምን እንደሆነ አንድ ቀን በአካል እነግርሻለሁ፣ አይጻፍም።

እስቲ አሁን አንቺ ወረቀቶችሽን አውጪና የልጆችሽን አንድ ስሕተት ጻፊልኝ። ደጋግሞ የሚመጣውን፣ የሚያናድድሽን። እሱን ይዤ እኔም እፈልግልሻለሁ። በዚህኛው ዓመት ሳይሆን በዚህ ሳምንት እመልስልሻለሁ።

የጠፋችው ጓደኛሽ