ኤፕሪልን አትመኑ

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

ስለ ጸደይ ሽርሽር ያወጣችሁትን አንብቤ ሳቄ መጣ፣ ምክንያቱም እኛ አራት ጓደኛሞች ዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ ካለችው ከሲልቨር ስፕሪንግ ተነስተን ጎልፍ ልንጫወት አትላንቲክ ዳር ወዳለችው ኦሽን ሲቲ ሜሪላንድ የሄድነው ልክ በኤፕሪል ነው። በዛ ሰሞን ከበጋው ይረክሳል፣ ሰውም አይበዛም፣ ለምን እንደሆነ የገባን ግን ከደረስን በኋላ ነው።

ጠዋት ጸሀይ ነበር፣ ሁላችንም በቲሸርት። ቼሳፒክ ቤይ ድልድይ ላይ ስንወጣ (7 ኪሎሜትር ገደማ ነው እኮ) ንፋሱ መኪናዋን ይገፋት ጀመር፣ የሚነዳው ልጅ መሪውን በሁለት እጁ ጨብጦ ዝም፣ እኛም ዝም። ባህሩ ዳር ደግሞ ሌላ አገር በሉት፤ አትላንቲክ በኤፕሪል ውሀው ገና 10 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ስለሆነ ከዛ የሚመጣው ንፋስ አጥንት ሰርስሮ ይገባል። የመታሁት ኳስ አየር ላይ ወደ ግራ ታጥፎ ኩሬ ገባ፣ ለነገሩ ንፋስ ባይኖርም ይገባ ነበር።

ኳሱ ከሚገባባቸው ጉድጓዶች 7ኛው ላይ ስንደርስ ነጎድጓድ! ነጎድጓድ እያለ ገላጣ ሜዳ መሀል መቆም አደገኛ ነው፣ ሮጠን ገባን፣ ከመጨረሻው ነጎድጓድ በኋላ 30 ደቂቃ መጠበቅ አለባችሁ ተባልን፣ ግማሽ ሰአት ሊሞላ ሲል ደግሞ ያጓራል። ብር አይመለስም፣ ሌላ ቀን መጥታችሁ ተጫወቱ ብለው ወረቀት ሰጡን፣ ሶስት ሰአት ነድታችሁ ማለታቸው ነው እንግዲህ።

እባካችሁ ስለ ሽርሽር ስትጽፉ ጃኬት ያዙ የሚለውንም ጨምሩበት። ወረቀቱን ግን አልጣልነውም፣ በሜይ እንሞክራለን።

አንባቢያችሁ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ