ስለ ካላዛር ምርመራ ያልተነገረው

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

በአሸዋ ዝንብ ንክሻ በሚተላለፍ ጥገኛ ተውሳክ ስለሚመጣው ካላዛር ያወጣችሁት ጽሑፍ ምርመራውን በፈጣኑ የደም ምርመራ ብቻ ማብቃቱ ቅር አሰኝቶኛል። ይህ ምርመራ የሚያየው ጥገኛውን ራሱን ሳይሆን ሰውነት ያመረተውን ፀረ እንግዳ አካል በመሆኑ፣ ታክሞ በዳነ ሰው ላይ እንኳ በሽታው አለ ሊል፣ ኤችአይቪ ባለበት ታማሚ ላይ ደግሞ ሊስተው ይችላል።

ከጣፊያ ወይም ከመቅኔ የተወሰደ ናሙና ግን የጥንቸል ደም በተቀላቀለበት፣ ኤንኤንኤን በሚባለው ማብቀያ (ጥገኛውን በላቦራቶሪ ማራቢያ ምግብ) ላይ ተደርጎ ከ22 እስከ 26 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲቀመጥ፣ ጥገኛው በአሸዋ ዝንብ ሆድ ውስጥ እንደሚሆነው ጅራፍ አውጥቶ ይራባል፤ ጠብታው በማይክሮስኮፕ ሲታይ እየተወራጨ ይዋኛል። እርግጥ ሥራው ትዕግሥት ይጠይቃል። ውጤት የለም ለማለት እስከ 4 ሳምንት መጠበቅ ያስፈልጋል፤ ባክቴሪያ ከገባ ደግሞ ሁሉም ከንቱ ነው። እኔም ሦስት ሳምንት የጠበቅሁት ቱቦ አንድ ጠዋት ደፍርሶ አግኝቼዋለሁ። በሐዋሳ የመጋቢት ሙቀት መብራት ሲጠፋ ማቀዝቀዣ ያለው ማቆያም ብዙ አያግዝም።

ስለዚህ የጠና ታማሚ ሕክምና ይህን ውጤት ይጠብቅ አልልም። ነገር ግን ማይክሮስኮፕ ሳያሳይ ጥርጣሬው ሲቀር፣ የጥገኛውን ዝርያ ለመለየትም ሆነ መድኃኒት መቋቋሙን ለመፈተን ማብቀሉ ያስፈልጋልና፣ በሚቀጥለው እትም ይህንኑ ብታነሱልን እወዳለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የላቦራቶሪ ባለሙያ፣ ከሐዋሳ