ለልጄ፦ ስለዚያች አንድ ድምፅ

ልጄ፣ እንደምን ሰነበትክ? እኔ ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ጉልበቴ ደረጃ ስወጣ ያስቸግረኛል እንጂ ሌላ ምንም የለም።

እሁድ በስልክ ያልከኝ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። "እማ፣ ፕሬዚዳንት ቢሆን እሺ፣ የስቴት ተወካይን ማን ያውቀዋል? የእኔ አንድ ድምፅስ ምን ታመጣለች?" አልከኝ። ሥራ ልገባ ስለነበር "በኋላ እናወራለን" ብዬ ዘጋሁት። እውነቱን ለመናገር ግን ሥራው ብቻ አይደለም ዝም ያሰኘኝ። ስምንት ዓመት ሙሉ ያልነገርኩህ ነገር አለ፣ ዛሬ ልጻፈው።

ቨርጂኒያ፣ ኒውፖርት ኒውስ ከተማ የነበርንበትን ጊዜ ታስታውሳለህ። በፈረንጆቹ 2017 ነው፣ 10 ዓመትህ። ኖቬምበር 7፣ ማክሰኞ ቀን፣ ትምህርት ቤታችሁ የምርጫ ጣቢያ ስለነበር ተዘግቶ አንተ ጎረቤት ዋልክ። እኔ የዜግነት መሐላ ከፈጸምኩ ገና ዓመት አልሞላኝም ነበር። ማታ ስመጣ ጫማዬን ሳላወልቅ በሩ ላይ ጠበቅከኝና "እማ፣ መረጥሽ? ስቲከሩን አመጣሽልኝ?" አልከኝ። ለመረጠ ሰው የሚሰጡትን፣ ያቺን ትንሽ ክብ ስቲከር ማለትህ ነው። እኔም "አልቋል አሉኝ" አልኩህ።

ዋሸሁህ ልጄ። አልመረጥኩም ነበር።

ያን ቀን አረጋውያን መጦሪያው ውስጥ ደብል፣ ማለት ሁለት ፈረቃ በተከታታይ፣ ነበረኝ፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ማታው 2 ሰዓት። ጣቢያዎቹ ደግሞ የሚከፈቱት ጠዋት 12፣ የሚዘጉት ምሽት 1 ሰዓት ነው። ይሄ ምክንያት ይመስላል። ግን በዚያን ጊዜ ሕግም ቢሆን በምርጫ ቀን ከ11 ሰዓት በላይ ሥራና መንገድ ላይ የሚውል ሰው ቀድሞ መምረጥ ይችል ነበር። አላወቅሁም፣ አልጠየቅሁምም። ከምርጫው ሳምንት ቀደም ብሎ አንድ ወጣት በራችንን አንኳኩቶ ወረቀት ሲሰጠኝ "እሺ፣ እሺ" ብዬ ሸኘሁት፣ ወረቀቱንም ሳላነበው ጣልኩት።

ለምን እንደዚያ እንደሆንኩ ልንገርህ። በእኛ አቆጣጠር ግንቦት 7 ቀን 1997 አዲስ አበባ ውስጥ ሌሊት ተነስቼ ተሰልፌያለሁ። አንተ ገና አልተወለድክም። ሰልፉ መንገዱን ዞሮ ይሄዳል፣ ሰው ዳቦ እየተካፈለ፣ ለአሮጊቶች በርጩማ እየተለቀቀ፣ እኔም ቆሜ ውዬ መርጬ ደስ ብሎኝ ገባሁ። ከዚያ የሆነውን ታውቃለህ፣ በሰኔና በጥቅምት መጨረሻ መንገድ ላይ የወደቁትን ልጆች። ከዚያ በኋላ ምርጫ የሚባል ቃል ስሰማ ልቤ ይዘጋል። አሜሪካ መጥቼም ልቤ እንደተዘጋ ነበር።

አሁን ወደዚያ ማክሰኞ ልመልስህ። የእኛ ሰፈር 94ኛው የምርጫ ክልል ነበር። ለቨርጂኒያ የተወካዮች ምክር ቤት የሚወዳደሩት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ ወንበሩን ከ2012 ጀምሮ የያዘው ሪፐብሊካኑ ዴቪድ ያንሲ፣ እና የከተማው ትምህርት ቤቶች ቦርድ አባል የነበረችው ዴሞክራቷ ሼሊ ሲሞንድስ። እሷ 2015 ላይም ከእሱ ጋር ተወዳድራ ተሸንፋለች። መጀመሪያ ላይ ያንሲ በ10 ድምፅ ይመራ ነበር። ድጋሚ ቆጠራ ተጠየቀ። ዲሴምበር 19 ተቆጥሮ ሲያበቃ ሲሞንድስ 11,608፣ ያንሲ 11,607 ሆኑ። በአንድ ድምፅ አሸነፈች ተባለ፣ ዜናው ሁሉ እሱ ሆነ።

በማግስቱ ደግሞ አንዲት ወረቀት ሦስት ዳኞች ፊት ቀረበች። መራጩ የሁለቱንም ክብ አጥቁሯል፣ በሲሞንድስ ክብ ላይ ግን መስመር አስምሯል። በሌሎቹ ቦታዎች ሪፐብሊካኖችን ስለመረጠ ዳኞቹ "ይሄ ለያንሲ ነው" አሉ። 11,608 ለ 11,608። እኩል። ያንን መራጭ ስንት ጊዜ አስቤዋለሁ። እስክሪብቶውን ይዞ ሲሳሳት፣ ሌላ ወረቀት ስጡኝ ለማለት አፍሮ ወይም ቸኩሎ በመስመር ሊያርመው ሲሞክር ይታየኛል። እሱ ግን ቢያንስ ሄዷል።

የቨርጂኒያ ሕግ ድምፅ እኩል ከሆነ በዕጣ ይለይ ይላል። በዕጣ! እኔ ዕጣ የማውቀው ዕቁብ ላይ ነው። ጃንዋሪ 4 ቀን 2018 እዚያው አንተ ያለህበት ሪችመንድ፣ የስቴቱ ምክር ቤት ሕንፃ፣ ካፒቶሉ፣ አጠገብ፣ የሁለቱን ስም ወረቀት ላይ ጻፉ፣ እያንዳንዱን በድሮ የፎቶ ፊልም ማስቀመጫ ውስጥ ከተቱ፣ ከሙዚየም በተዋሱት ሰማያዊ የሸክላ ሳህን ውስጥ አድርገው አደባለቁ። እኔ የመጦሪያው እረፍት ክፍል ቁሜ በቴሌቪዥን አየሁት። የምርጫ ቦርዱ ሰብሳቢ እጁን ሰዶ አንዱን አወጣና ከፈተ። ዴቪድ ያንሲ። ሲሞንድስ እዚያው ክፍል ውስጥ ተቀምጣ ነበር። ምሳዬን ሳልበላ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ።

ይሄ የአንድ ሰው ወንበር ብቻ አልነበረም፣ ልብ በል። ከዚያ ምርጫ በፊት ምክር ቤቱ 66 ለ 34 ለሪፐብሊካኖች ነበር። በአንድ ቀን ዴሞክራቶች 15 ወንበር ወሰዱ። ያቺ ዕጣ በሌላኛው ብትወጣ 50 ለ 50 ይሆን ነበር፣ 51 ለ 49 ሆነ። መቶ ሰው ያለበት ምክር ቤት በአንዲት ዕጣ ተወሰነ። የዚያው ዓመት ፍሬድሪክስበርግ አካባቢ ደግሞ 147 ሰዎች የማይመለከታቸው ክልል ወረቀት ተሰጥቷቸው፣ ውጤቱ በ73 ድምፅ ልዩነት ተለየ። እና አንተ አንድ ድምፅ ምን ታመጣለች ትለኛለህ።

ማንን ትመርጥ ነበር ብለህ እንዳትጠይቀኝ። ለማን እንደምመርጥ ለአባትህም አልነግረውም። ለማንም ልስጠው፣ ሄጄ ቢሆን ዕጣ የሚባል ነገር አይኖርም ነበር። ይሄ ነው የሚያንገበግበኝ።

"የስቴት ተወካይን ማን ያውቀዋል" ላልከው ደግሞ፣ አክስትህን ጠይቃት። ዜጋ ሆና፣ ሠርታ እያደረች፣ ልጅ ስለሌላት ብቻ ሜዲኬይድ፣ ያ ገቢው ዝቅ ላለ ሰው የሚሰጠው የመንግሥት የጤና መድን፣ አይመለከታትም ነበር። የስኳር መድኃኒቷን እንዲበቃት ብላ ግማሽ ግማሽ ስትወስድ አይቻታለሁ። ዋሽንግተን ለስቴቶቹ በሩን ከከፈተ ዓመታት አልፈው ነበር፣ የቨርጂኒያ ምክር ቤት ግን በየዓመቱ አይሆንም ይል ነበር። ከዚያ ምርጫ በኋላ፣ 2018 ላይ፣ ያው 51 ለ 49 የሆነው ምክር ቤት ብዙ ሪፐብሊካኖች ሳይቀሩ ተስማምተው አሳለፉት። ሕዝቡ እንዴት እንደመረጠ አይተዋላ። ከጃንዋሪ 2019 ጀምሮ ወደ 400 ሺህ ለሚሆን ሰው በሩ ተከፈተ። አክስትህ ካርዱ በፖስታ የመጣ ቀን ደውላ አለቀሰች።

እኔ ደግሞ እዚህ አገር መጀመሪያ የሠራሁት ጽዳት ነበር፣ በሰዓት 7 ዶላር ከ25 ሳንቲም። ያቺ 25 ሳንቲም እንኳ ትቆጠር ነበር ያኔ። ይሄን ዋጋ በቨርጂኒያ ወደ 9.50፣ ከዚያ 11፣ ከዚያ 12 ያወጣው የ2020 ምክር ቤት ነው። ኮንግረስ አይደለም፣ ፕሬዚዳንትም አይደለም። እነዚያ ስማቸውን የማታውቃቸው 100 ተወካዮችና 40 ሴናተሮች ናቸው። ተወካዮቹ በዓመት 17,640 ዶላር ነው የሚከፈላቸው፣ ብዙዎቹ ሌላ ሥራ አላቸው። ጃንዋሪ ላይ ሪችመንድ ይሰበሰባሉ፣ አንድ ዓመት 60 ቀን፣ በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ከዚያ ያነሰ። በእነዚያ ጥቂት ሳምንታት ስለ ትምህርት ቤትህ፣ ስለ መንገዱ፣ ስለ ደመወዜ ይወስናሉ። ቤታቸው ሩቅ አይደለም፣ ኢሜይል ብትጽፍ ቢሯቸው ይመልሳል። እኔ ጽፌ መልሰውልኛል።

ስለ ሲሞንድስ ልጨርስልህ። በዕጣ ከተሸነፈች ከጥቂት ቀናት በኋላ ሽንፈቷን ተቀበለች። ሌላ ሰው ቢሆን አገር ጥሎ ይሄዳል፣ እኔ ብሆን ከቤት አልወጣም። እሷ ግን 2019 ላይ እንደገና ቀረበች። ያንሲም ቀረበ። በዚያ መሐል ፍርድ ቤት የአንዳንድ ክልሎችን ካርታ እንደገና አስምሮ የእኛም ተነክቷል፣ ስለዚህ ጉብዝና ብቻ ነው አልልም። ለማንኛውም በሰፊው አሸነፈች፣ ዕጣም አላስፈለገም። ዴሞክራቶችም ምክር ቤቱን 55 ለ 45 ያዙ። 2021 ላይ ወንበሯን ጠበቀች፣ ካርታው ዳግም ሲለወጥ ደግሞ 2023 ላይ በ70ኛው ክልል ተመረጠች። እነሱ በየሁለት ዓመቱ ነው ሕዝብ ፊት የሚቆሙት፣ ለዚህ ነው ጆሯቸው ክፍት የሆነው። እሷን የማነሳልህ በፖለቲካዋ አይደለም። 2015 ተሸንፋ፣ 2017 በሳህን ተሸንፋ፣ እንደገና በር ለማንኳኳት መውጣቷ ነው የገረመኝ። ያንሲም ቢሆን ስንት ዓመት አገልግሏል፣ ክብሩ እንዳለ ነው።

እኔም 2019 ላይ ሄድኩ። በዋዜማው ናይት ሽፍት ነበረኝ፣ ቢሆንም ጠዋት በር ሲከፈት እዚያ ነበርኩ። ከፊቴ አራት ሰው ብቻ። ወረቀቱን ተቀብዬ ክቧን ሳጠቁር እጄ ተንቀጠቀጠ፣ የግንቦት 7 ሰልፍ ትዝ አለኝ። ሦስቴ መልሼ አየሁት፣ መስመር እንዳይነካው፣ ክብ እንዳይደገም። መኪና ውስጥ ገብቼ ትንሽ አለቀስኩ።

አሁን ነገሩ ቀሏል። ከ2020 ወዲህ ምክንያት አትጠየቅም፣ ከምርጫው 45 ቀን በፊት ጀምሮ ቀድመህ መምረጥ ትችላለህ። መቶውም ወንበር በየሁለት ዓመቱ ለምርጫ ይቀርባል። 18 ሞልቶሃል። መጀመሪያ ግን ተመዝገብ፣ በዶርምህ አድራሻ ይሁን በእኔ ቤት አንተ ወስን፣ ሁለቱን ግን አታደባልቅ። መታወቂያህን ያዝ። ከተሳሳትክ ደግሞ በመስመር ልታርመው አትሞክር፣ አትፈር፣ ሌላ ወረቀት ስጡኝ በል፣ ይሰጡሃል።

ምስር ወጥና ትንሽ ቂንጬ በአጎትህ ልጅ ልኬልሃለሁ፣ ዕቃዎቹን መልስልኝ። በዚህ ፖስታ ውስጥ ደግሞ አንዲት ትንሽ ክብ ስቲከር ታገኛለህ። የ2019 ናት፣ ጠርዟ ተነስቷል፣ ሙጫዋም አይዝም። ያን ቀን ልሰጥህ ይዤ ገብቼ፣ የዋሸሁህ ትዝ ብሎኝ አፈርኩና መጽሐፍ ቅዱሴ ውስጥ ከተትኳት። ያንተ ናት።

እናትህ