ከተማውን ደግፈው የያዙት ሰዎች የት ይደሩ?

ለዝግጅት ክፍሉ፦

በትናንሽ የሀብታም ከተሞች ስላለው ኑሮ ያወጣችሁትን ጽሑፍ አንብቤዋለሁ። ጸጥታውም፣ ንጹሕ መንገዱም፣ ጥሩ ትምህርት ቤቱም እውነት ነው። ትልቁ ነገር ግን ተዘሏል። ከተማውን ቀጥ አድርገው የያዙት ሰዎች እዚያው መኖር አይችሉም።

በማለዳ አውቶቡስ ማቆሚያው ጋ መቆም ይበቃል። ነርሷ፣ መምህሩ፣ የጽዳት ሠራተኛዋ እንቅልፋቸውን ሳይጨርሱ ከሩቅ መጥተው ይወርዳሉ። ሲመሽ ሁሉም ይሄዳሉ። በሽተኛ የምታስታምም ሴት ለበሽተኛዋ ጎረቤት መሆን አለመቻሏ በጣም ያሳዝነኛል።

ይህን ያመጣው ገበያው ብቻ አይደለም። የግንባታ ደንቡ በሰፊ ቦታ ላይ አንድ ቤት ብቻ ይሠራ ሲል፣ ለአነስተኛ ቤት የሚሆን መሬት ይጠፋል። ያለው ቤት ዋጋው ይሰቀላል። ነባሩ ባለቤት ደግሞ ስለሚጠቀም ደንቡ እንዲነካ አይፈልግም። የገዛ ልጆቹ እንኳ ሲያድጉ ቤት አጥተው ይወጣሉ።

በአሜሪካ፣ ኮሎራዶ የምትገኘው የሀብታም ከተማ አስፐን ዋጋቸውና ኪራያቸው ከተወሰነ መጠን እንዳያልፍ የተደረጉ ቤቶችን በአካባቢው ለሚሠሩ ሰዎች ትመድባለች። ሌሎች የከተማ ምክር ቤቶችም ከሚፈቅዱት አዲስ ግንባታ የተወሰነው ለሠራተኞች እንዲሆን ደንብ አውጥተው ያስገድዱ።