የጋሼ ጦጣ ነገር

አራት ኪሎ

እንደምን አለሽ እቱ?

አውቃለሁ፤ ለክርስትናው አልመጣሁም፣ ስልክሽንም አላነሳሁም። ስንገናኝ ትሰድቢኛለሽ። አሁን ግን የቸገረኝ ጉዳይ አለ።

ቅዳሜ ቅዳሜ እንሰሳ ኮቴ በበጎ ፈቃድ መሥራት ጀምሬያለሁ፤ ሆለታ መንገድ ላይ ያለው፣ የቦርን ፍሪ የዱር እንስሳት ማገገሚያ። አትሳቂ! አንበሳ አቅፌ ፎቶ የምነሳ እንዳይመስልሽ፤ ጎመን እከትፋለሁ፣ ባልዲ አጥባለሁ። መንካቱ ቀርቶ ጉንፋን ከያዘኝ ጦጣዎቹ ጋ ድርሽ አልልም፤ የሰው ጉንፋን ይጋባባቸዋል።

እና… እንዴት ብዬ ልንገርሽ፣ ጋሼ ሌላ ጦጣ አስረዋል። ሙዝ እየሰረቅን የምናበላት የድሮዋ ስትሞት በዚያው ይቀራል ብዬ ነበር። በቀደም ቡና ጠርተውኝ ስገባ አየኋት፤ እዚያው ጥዱ ሥር፣ ገና ግልገል ናት። ወገቧ ላይ በሽቦ የተጠፈረ ቀበቶ አለ፤ ዙሪያውን ፀጉሯ ተመልጦ ቆዳዋ ቀልቷል። ስታድግ ቀበቶው ሥጋዋ ውስጥ ነው የሚገባው።

ጭላት በላያችን ሲያልፍ ጮኸች። ጦጣ ለነብር ሌላ፣ ለንስር ሌላ፣ ለእባብም ሌላ ጩኸት አላት፤ መንጋው ሰምቶ እንዲሸሸግ ነው። ጋሼ «ዘፈነችልን!» ብለው ሳቁና ቆሎ ወረወሩላት። እኔም ፈገግ አልኩ። ቡናው ገና አቦል ነው፣ ተነስቼ አልሄድ!

ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳ መያዝ በሕግ ክልክል ነው። ለዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን መደወል እችል ነበር። ግን ጋሼን? ከአባትሽ ዱላ ስንቴ ያስጣሉንን ሰውዬ? እጄ እንቢ አለኝ። እኔ ብናገር «ፈረንጅ ሆንሽብን» ይሉኛል። አንቺን ግን ይሰማሉ፤ አንቺ ከጠየቅሻቸው እንኳን ጦጣዋን ግቢውንም ይሰጡሻል።

ስለ ዶሎ አንሺላቸው፤ በሶማሊያ ድንበር አካባቢ በአጭር ሰንሰለት ታስሮ የተገኘው አንበሳ ነው፣ እንሰሳ ኮቴ ነው ያገገመው። ስድስት ኪሎ አንበሳ ግቢ እየወሰዱ ያሳዩን እሳቸው አይደሉ? አንበሳ ሲባል ይረታሉ። ጦጣዋ ደግሞ አሁን በልጅነቷ እንሰሳ ኮቴ ከሄደች ከሌሎቹ ጋር ትላመዳለች፤ ብቻዋን ካደገች ግን መንጋ መቀላቀል ይከብዳታል፣ ይነክሷታል።

በጠዋት ደውይላቸው፣ ከምሳ በኋላ ይተኛሉ። የእኔን ስም እንዳታነሺ። ወይም አንሺ፣ ምን ይመጣል። ኧረ ተይ፣ አታንሺ።

ያንቺው ጠፊ